ነፋስ የወሰዳቸው ጨርቆች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ እትዬ ዚፕ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ የቴምር ፍሬ ታወጣለች። እናቷ ያወጣችላት ስም ይህ አይደለም። ግን በምትሠራበት ቦርሳ መጠገኛ ቤት፣ አልዘጋ ያለ ዚፕ ይዞ የሚመጣው ሁሉ "የዚፕ ሴትዮዋ የሉም?" እያለ ሲጠይቅ ሲጠይቅ የእናቷ ስም ቀረና ይሄኛው ጸና። መቀየሙን ከተወችው ቆይታለች። "ምን አለበት፣ ከፋችም ዘጊም እኔው ነኝ" ትላለች።

ቴምሩን ጠዋት ነው ለብ ባለ ውሃ የዘፈዘፈችው። አሁን ርሶና ላልቶ ጣቷ ላይ ይሟሟል። ፍሬውን እያወጣች በሹካ ትደፈጥጠዋለች። ምድጃው ላይ አጃው በደረቅ መጥበሻ ሲታመስ ቤቱ ሙሉ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ማሩን አሞቀች፣ ጨው ቆንጠር አድርጋ ጣል አደረገችበት፣ ሁሉንም አንድ ላይ ለወሰችና ትሪ ላይ ደልድላ በብርጭቆ ቂጥ ትጠቀጥቀው ጀመር። ይህን ነገር ልጇ "ኢነርጂ ባር" ትለዋለች፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የምታውቀው። እትዬ ዚፕና ባሏ ግን ከድሮም "ጥፍጥፍ" ነው የሚሉት። ሰው ሲስቅባቸው ባሏ "ወርቅም እኮ ጥፍጥፍ ይባላል" ይል ነበር።

"እማዬ፣ ለውዝ አልጨመርሽበትም እንዴ?" አለች ልጇ በሩ ላይ ቆማ።

"ለጥርስ አይመችም።"

ልጅቷ የእናቷን ጥርስ ታውቀዋለች፤ እንኳን ለውዝ ክር በጣሽ ነው፣ መቀስ ሲጠፋ በጥርሷ ነው የምትበጥሰው። ለጥርስ የማይመቸው ለማን እንደሆነ ገብቷታል። ያ ሰው ደግሞ ከሞተ ዓመት ሊሆነው ነው።

"ነገ መሄድሽ ነው እንግዲህ?"

"መሄዴ ነው።"

"በዚያ ጉልበትሽ?"

"ታዲያ ጉልበቴን ቤት ጥዬው ልሂድ?"

ልጅቷ ሳትወድ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ዋጠችው። የእናቷ የግራ ጉልበት ካበጠ ሰንብቷል። ሐኪሙ ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰጥቷታል፤ ከዚያ በኋላ ደረጃም ቢሆን እየተጠነቀቁ ነው፣ ተራራ የሚባል ነገር ግን ይረሳ ብሏል። እትዬ ዚፕ የሰማችው ግማሹን ብቻ ነው። "ከዚያ በኋላ" ካለ፣ ከዚያ በፊት ይቻላል ማለት ነው ብላ አንድ እሑድ ለራሷ አስቀረች። በየእሑዱ ይወጡት የነበረው ተራራ ጫፍ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ሁልጊዜ ከባሏ ጋር ስንቃቸውን የሚፈቱበት ቦታ፣ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላ መመለስ ነው የፈለገችው።

"እሺ ሂጂ" አለች ልጅቷ። "እኔ ግን ነገ ቤቱን ላጽዳ። ያንን የአባዬን ቦርሳም ከበሩ ኋላ ላውርደውና..."

"አትንኪው!"

ብርጭቆው ከእጇ ሊያመልጥ ትንሽ ቀረው። "ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ? ስንቄ ነው ውስጡ ያለው። አባትሽ በእጁ የቋጠረልኝ። ሲለኝ እኔ ራሴ አወርደዋለሁ።"

"የዓመት ስንቅ እማዬ! አይጥ እኮ ነው የሚገባበት።"

"አይጥ ዚፕ አይከፍትም" አለችና ጀርባዋን ሰጠቻት።

የእትዬ ዚፕንና የባሏን ነገር ለመረዳት አንዱ የሌላውን ስንቅ የሚይዝበት ደንባቸው ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ቁመቱ ዘለግ፣ ንግግሩ ቆጠብ፣ እርምጃው ደግሞ ከንግግሩ የባሰ ቆጠብ ያለ ሰው። እሷ በተቃራኒው ቶሎ ቶሎ ነው፤ ስትሄድም፣ ስትናገርም፣ ስትቆጣም። አዲስ ተጋቢ ሳሉ አንድ እሑድ ተራራ ወጡ። መንታ መንገድ ላይ ሲደርሱ እሷ በቀኝ አለች፣ እሱ በግራ አለ። ትንሽ ተጨቃጨቁና እሷ ተመንጭቃ በቀኝ ነጎደች። ምግቡ በሙሉ እሷ ጋ ነው፣ ውሃው በሙሉ እሱ ጋ። ፀሐዩ አናት ሲበሳ እሷ ደረቅ ዳቦ ጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅሮ ታንቃ፣ እሱ ውሃ ሆዱ ውስጥ እየተንቦጫቦጨ በረሃብ ታጥፎ፣ ያችው መንታ መንገድ ላይ ተመልሰው ተገናኙ። እሱ ቀድሞ ደርሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አላት።

"አንተስ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልክ የት ደረስክ?"

"አንቺ ጋ" አለ።

እዚያው በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ደንቡን ያወጣው እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያንቺን ስንቅ እኔ እይዛለሁ፣ የኔን አንቺ ትይዣለሽ። የሚበርድሽን ሹራብ እኔ፣ የሚበርደኝን አንቺ። ተጣልተሽኝ የምትሄጅ ከሆነ ጦምሽን፣ ብርድሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ሳቀች እንጂ አልተከራከረችም። ከዚያ ወዲህ ተራራ ላይ መጣላቱን አልተዉም፣ መንገድ መለያየቱን ግን ተዉት። የማን ሆድ ችሎ ይለያያል?

ከዚህ የተነሳ እያንዳንዱ የሌላው ስንቅ አዘጋጅ ሆነ። እሱ ለሷ የሚሠራው ጥፍጥፍ ዝንጅብል የበዛበት፣ ሰሊጡ ጠቆር እስኪል የታመሰ፣ ማሩ በእሳት ብዛት ድንጋይ የሆነ ነበር። "በዚህ ቱቦ ቢደፈን ውሃ አያሳልፍም" ትለው ነበር፤ ትወደው ግን ነበር፣ እየቆረጠመች ነው ተራራውን የምትጨርሰው። እሷ ደግሞ ለሱ በለውዝ፣ በዘቢብና በቴምር ትሠራለታለች። እያንዳንዷን ጥፍጥፍ በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ትጠቀልላለች። ጨርቁ ከቦርሳ ገበር የተረፈ ነው፤ ሰማያዊ፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ ባለ ሰረዝ፣ የተገኘው ሁሉ። አራቱን ጫፍ ሰብስባ በልብስ ሰፊ ጣት ታስረዋለች፣ እሱ በጥፍሩ ታግሎ ነው የሚፈታው። ሲበላ ጨርቁን አጥፎ ይመልስላታል፣ አጥባ ለሚቀጥለው እሑድ ታደርሳለች።

ባለፈው ዓመት ከዝናቡ ወራት በኋላ ባሏ ጥርሱን ያመው ጀመር። ያመኛል ያለው እሱ ነው፣ ማን አፉን ከፍቶ ያይበታል? እሷም ለውዙን መውቀጥ ጀመረች። "እሱም ይወጋኛል" ሲላት ለውዙን ተወችው። "ዘቢቡ ይጣበቅብኛል" ሲል ዘቢቡን ተወች። ቴምሩን ዘፍዝፋ፣ አጃውን አድቅቃ፣ ጥፍጥፉ ከሳምንት ሳምንት እየለሰለሰ ሄደ። ቤት ውስጥ ሾርባና ወተት ሆነ ምግቡ። "ሐኪም ጋ ሂድ ጥርስህን" ስትለው "ጥርስ ነቃይ እፈራለሁ" ይላል። የማያፍር ትልቅ ሰው ብላ ትስቅበታለች።

ድንጋዩ ላይ ሲደርሱም እንደ ድሮው ቁጭ ብሎ አይበላም ነበር። "ቁጭ ብዬ ስበላ ይከብደኛል፣ ስንወርድ እየሄድኩ እበላዋለሁ" ይላል፤ የተቋጠረውን ከእጇ ተቀብሎ "እጅሽ ይባረክ" ይልና ኪሱ ይከተዋል። ሲወርዱ እሱ ኋላ ነው፣ ድሮም ኋላ ነው። እሷ ፊት ፊት እየሄደች ታወራለች፣ እሱ ከኋላ "እህ" ይላል። ጨርቆቹ ግን መመለስ ተዉ።

"ጨርቄስ?" ትለዋለች ቤት ሲገቡ።

"ነፋስ ወሰደው።"

"ባለፈውም ነፋስ ወሰደው አልከኝ! ነፋሱ ከኔ ጨርቅ ሌላ የሚወስደው የለም? ተራራውን በጨርቅ ሞላኸው እኮ አንተ ሰው!"

አንገቱን አቀርቅሮ ስድቡን ይቀበላል። ፈገግ ብሎ ነው የሚቀበለው።

እየቀጠነም ሄዶ ነበር። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ሲል በስፌት መኪናዋ ያጠበበችለት እሷው ናት፤ አንዴ አጠበበችው፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ አጠበበችው። የሥራ ቤቷ ሰዎች "ባልሽ ከሳ" ሲሏት "ቦርጩ ነው የጠፋው፣ ተራራ መውጣት እኮ ጤና ነው" ብላ ተኩራርታለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ይህችን የወገብ ስፌት እያስታወሰች ነው ብዙ ሌሊት የማትተኛው።

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የሷን ስንቅ ሠርቶ፣ ሹራቧን አጣጥፎ፣ ቦርሳውን ቆልፎ በሩ ኋላ ከሰቀለው በኋላ፣ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ሆስፒታል ተወሰደ፣ ተመረመረ። የታመመው ጥርሱ ሳይሆን የምግብ መውረጃ ቧንቧው ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ ነው፣ ግን የሚለውን አለ፤ ጠጣር ነገር መዋጥ ካቆሙ ወራት ሳይሆናቸው አይቀርም፣ እንዴት እስካሁን ሳትመጡ?

"ተሳስተዋል ዶክተር" አለች እትዬ ዚፕ። "በየሳምንቱ ተራራ የሚወጣ ሰው ነው። በየሳምንቱ በልቷል። በዚህ በእጄ ነው የሰጠሁት!" ከዚያ ወደ አልጋው ዞረች። "ንገራቸው እንጂ!"

ባሏ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና "እሷ ካለች ልክ ናት" አለ። ቀስ ብሎ ደግሞ ለሐኪሙ "የሰው ቧንቧ ስከፍት ኖሬ የራሴ ተደፈነ" ብሎ ሊስቅ ሞከረ። የሳቀለት አልነበረም።

ብዙም አልቆየ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ድምፁ ሲከዳው ልጁን ወደ አፉ አስጠግቶ "ቦርሳዬን አትንኩት፣ ስመለስ እኔው እፈታዋለሁ" አላት። እትዬ ዚፕ ይህን ስትሰማ ሊድን ነው ማለት ነው ብላ ነው የተረጎመችው። አልተመለሰም። ቦርሳውም በሩ ኋላ እንደተሰቀለ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ በሌላው ነገር ሁሉ ይስማማሉ፤ በአንዷ ነገር ብቻ ሆድና ጀርባ ናቸው። ልጅቷ "አባዬ ያውቅ ነበር፣ እኛን ላለማስጨነቅ ደብቆ ነው" ትላለች። እትዬ ዚፕ ይህን መስማት አትችልም። ሐኪሙ ነው የተሳሳተው፤ በሽታው ድንገት ነው የመጣው፤ እስከ መጨረሻው እሑድ ድረስ በልቷል። ይህ ካልሆነ ምንድን ነው የሚሆነው? በየሳምንቱ ጉልበት ለጉልበት ገጥማ አብራው ስትቀመጥ፣ ሰውዬው ፊት ለፊቷ በረሃብ እያለቀ ያላየች ሴት ናት ማለት ነው። ሱሪውን እያጠበበች። እሷ ይህችን ሴት ሆና መኖር አትችልም። ስለዚህ በልቷል።

እሑድ ጠዋት የአውቶቡሱ ማቆሚያ ጋ የእሷና የባሏ የተራራ ጓደኞች፣ የእሑድ ተጓዦቹ፣ ተሰብስበው ነበር። መሪያቸው ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ስሙን "ኮምፓስ" ያሉት መንገድ ስለሚያውቅ አይደለም፣ ስለሚጠፋው ነው። እትዬ ዚፕን ሲያያት ኮፍያውን አወለቀ። ሌላው ሁሉ ምን እንደሚላት ጨንቆት ጫማውን ያስራል።

"እትዬ ዚፕ! እንኳን መጣሽ። ዛሬ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው።"

"ባትጠፋ ይበቃል" አለችው።

ጠፋ እንጂ። ከጥዱ ጫካ ሳይወጡ የገደል አፍ ላይ አደረሳቸውና "ይህማ ባለፈው አልነበረም" ብሎ አሳቃቸው። እሷም ከሌሎቹ ጋር ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ስለነበር ጉንጯ ሳይቀር ደከማት። ዳገቱ ሲጀምር ግን ሳቁ ቀረ። በየእርምጃው ጉልበቷ ውስጥ ጠጠር ያለ ያህል ይፈጫታል። ዱላዋን ተደግፋ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ከሁሉም ኋላ ሆና ወጣች። ኋላ ሆኖ መሄድ ምን እንደሚመስል እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። ከፊት ያሉት ያወራሉ፣ ወሬው በነፋስ ተቆራርጦ ይደርሳል፣ ማንም ዘወር ብሎ አያይህም። የፈለግከውን ብታደርግ የሚያውቅብህ የለም። ይህች ሐሳብ መጣችባትና ቶሎ ብላ አባረረቻት።

ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ነበረ፣ ነፋሱ ግን አጥንት ይበሳል። ሁሉም ክብ ሠርተው ተቀመጡና ቦርሳቸውን ከፈቱ። እሷም ላቧ ሲቀዘቅዝ ሹራብ ልታወጣ ዚፑን ሳበች። እጇ ያረፈው የወንድ ሹራብ ላይ ነው፤ ክርኑ ላይ እሷ የጣፈችው፣ የባሏ ግራጫ ሹራብ። ይዛው ቀረች። ቀጥላ ኮፍያ አወጣች፣ የሱን። ካልሲ አወጣች፣ የሱን። ቁስል መሸፈኛውም ለሱ ተረከዝ የሚሆነው ሰፊው ነው። ከታች በሰማያዊ ጨርቅ የተቋጠረ ጥፍጥፍ፣ ለውዝ የሌለው፣ ዘቢብ የሌለው፣ ለታመመ ጥርስ የሚሆን። ትናንት ማታ ቦርሳውን ስታዘጋጅ ሐሳቧ ድንጋዩ ላይ ነበር፤ እጇ ግን የለመደውን ሠራ። ለራሷ አንዲት ነገር አልያዘችም። ለራሷ ስንቅ ቋጥራ አታውቅም እኮ።

ኮምፓስ አየት አደረጋትና የዳቦውን ግማሽ ዘረጋላት። "እንኪ እህቴ፣ ስንቅ ረሳሽ እንዴ?"

"አልረሳሁም" አለች። "የኔን እሱ ይዞታል።"

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። የሁሉም አፍ ማኘኩን አቆመ። አንዷ ሴት ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። ኮምፓስ ዳቦውን እንደዘረጋ እጁ በአየር ላይ ቀረ፣ ቀስ ብሎ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠላት። እትዬ ዚፕም ምን ታድርግ፣ የባሏን ሹራብ ለበሰችው። እጅጌው ጣቶቿን ዋጣቸው። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ትንሽ ሲቀላት የሱን ቋጠሮ ፈታች። የባሏን ጥፍጥፍ ስትለውስ በጣቷ ብትልሰው እንጂ፣ ከዚህ በፊት ቆርሳ በልታው አታውቅም፤ የሱ ድርሻ ነዋ። ቆረሰች። አፏ ውስጥ እንደ ገንፎ ፈሰሰላት፤ ማኘክ እንኳን አላስፈለጋትም፣ በራሱ ወረደ። ሁለተኛ ቆረሰች። ልቧን ቀለል አላት። ይህንን ድድ ብቻ ያለው ሕፃን ይውጠዋል! ይህንን መዋጥ የሚያቅተው ማን ነው? በልቷል። ሐኪሙም ልጅቷም ይበሉ የፈለጉትን፣ በልቷል። ቁልቁለቱን ስትወርድ ጉልበቷ እያለቀሰ እንኳን ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር፤ ኮምፓስም "ተራራው ተስማማሽ" አላት።

ቤት ስትደርስ ገና ቀን ነው። ልጇ በሳፋ ሙቅ ውሃ አዘጋጅታ እየጠበቀቻት ነበር። እትዬ ዚፕ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ በሩ ኋላ ሄደች።

"ራበኝ" አለች። "ስንቄን አውርጂልኝ።"

ልጅቷ ጆሮዋን አላመነችም። ወንበር ላይ ቆማ ቦርሳውን አወረደችውና "ኧረ ይከብዳል!" ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዚፑ ዝጎ አልከፈት አለ። ይህ ግን የእናቷ ሙያ ነው፤ ሳሙና አምጥታ ጥርሶቹን አሸች፣ ወዲህ ወዲያ አባበለችው፣ ተከፈተላት።

ከላይ የሷ ሹራብ። ቀጥሎ የሷ ካልሲ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተጠቅልሎ። ፊሽካዋ። ባትሪዋ። ከዚያ በላስቲክ የታሸገ ጥፍጥፍ፣ ጠቆር ያለ፣ ሰሊጡ ከላይ ፈጦ የሚታይ። እትዬ ዚፕ ላስቲኩን ቀደደችና አሸተተችው። ዝንጅብሉ ዓመት ቆይቶም አልሞተም። "ድንጋይ!" አለች እየሳቀች፣ እየተነፋረቀች። "አየሽው አባትሽን? ድንጋይ እኮ ነው የሠራልኝ!" ጥግ ጥጉን በመንጋጋዋ ቆረጠመችና ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ልጇም አጠገቧ ተቀምጣ ትከሻዋን ያዘቻት። ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር።

"ግን ይሄ ሁሉ ወጥቶ ለምን ይከብዳል?" አለች ልጅቷ፣ ባዶ የመሰለውን ቦርሳ ልታነሳ ብላ።

ከሥሩ ኪስ አለ። ለዝናብ መሸፈኛ ብላ እሷው የሰፋችው ነው። ተወጥሯል። እትዬ ዚፕ ማኘኳን አቆመች። ዚፑን ሳበችው፣ ይህኛው እምቢ አላላትም።

ሰማያዊ ጨርቅ። ነጠብጣብ ያለበት ጨርቅ። ባለ ሰረዝ። ነፋስ የወሰደው ሁሉ እዚያ ነበር። እያንዳንዱ እንደተቋጠረ፣ በሷ አስተሳሰር፣ ያለ ጥፍር የማይፈታው። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ ልጅቷ ልትረዳት እጇን ስትልክ መታቻት። ከዚያ ትፈታቸው ጀመር። ይሄ ሙሉ ለውዝ ያለበት ነው፣ ገና ጥርሴን ሳይል። ይሄ የተወቀጠው። ይሄ ዘቢብ ብቻ። ይሄ ምንም የሌለው። ይሄ የመጨረሻው፣ ከልስላሴው የተነሳ ጨርቁ ላይ ቀልጦ የደረቀ። እሑዶቿን በጣቷ ነው ያወቀቻቸው።

ከሁሉም አንዱ ብቻ በሷ አስተሳሰር አልታሰረም። የወንድ እጅ ነው ያሰረው፣ ቱቦ ላይ ክር እንደሚጠመጠም ተጠምጥሞ። ፈታችው። ጥጉ ላይ ተነክሷል። ንክሻዋ ትንሽ ናት፣ የልጅ ንክሻ ታህላለች። የተነከሰችውም ቁራጭ አልተዋጠችም፤ እዚያው ጨርቁ ውስጥ አጠገቡ ደርቃለች።

ልጅቷ አፏን በመዳፏ ያዘች። "ያውቅ ነበር ብዬሽ ነበር" ለማለት ሳይሆን፣ በእውነት ግራ ገብቷት ጠየቀች፦ "ታዲያ ለምን አልጣለውም እማዬ? ገደል እኮ ነው። አንዷን በአንዷ ላይ እየጨመረ፣ በዚያ አቅሙ፣ ተሸክሞ ለምን ይወጣል ይወርዳል?"

"የኔን እጅ ሥራ መሬት ላይ ይጥላል?" አለች እናቷ።

ድምፅዋ ቁጣ ነበረው። ከዚያ ቁጣው የት እንደሄደ አልታወቀም፣ ወንበሩ ላይ ጭብጥ አለች። "አላየሁም" አለች። "ዞር ብዬ አላየሁም ልጄ። እያወራሁ ነበር። 'ምን ያንቀረፍፍሃል፣ ቶሎ በል እንጂ' እለው ነበር።"

ልጅቷ አቅፋት አለቀሰች።

ውሃው ሳፋው ውስጥ ቀዘቀዘ። እትዬ ዚፕ ተነሳችና የተፈቱትን ጥፍጥፎች ደግማ በየጨርቃቸው ቋጠረቻቸው፣ አጥብቃ። ኪሱ ውስጥ እንደነበሩ መለሰቻቸው፣ ዚፑን ዘጋችው። ቦርሳውን አነሳችና የባሏን ሹራብ እንደለበሰች ጀርባዋ ላይ አዘለችው። ማንጠልጠያው ለሱ ትከሻ የተለካ ስለሆነ ወገቧ ላይ ወረደባት።

"ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?" አለች ልጇ።

"ቆይ" አለች። በሩ ላይ ቆማ፣ በታመመ ጉልበቷ፣ ባሏ ከኋላዋ ሲሸከመው የነበረውን ክብደት ስታዳምጥ ቆየች።